ሺምላ፦ በሁለት ባሕሮች ሸንተረር ላይ የተሠራች ከተማ



በሰሜን ሕንድ፣ በሂማላያ ተራሮች ግርጌ በተነሡት ሸንተረሮች ላይ፣ ከባሕር ወለል 2,200 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ሺምላ የምትባል ከተማ አለች። በክረምት ወራት በዚህች ከተማ ጉልላት ላይ የሚወርደው ዝናብ ሁለት ዕጣ አለው። ከሸንተረሩ በስተ ሰሜን የወደቀው ጠብታ ወደ ሰትሌጅ ወንዝ ወርዶ፣ ከኢንደስ ጋር ተቀላቅሎ፣ ፓኪስታንን አቋርጦ ከዓረብ ባሕር ይገባል። በስተ ደቡብ የወደቀው ደግሞ በጊሪ ወንዝ ወደ ያሙና፣ ከያሙና ወደ ጋንጅስ ተሻግሮ ጉዞውን በቤንጋል ባሕረ ሰላጤ ይፈጽማል። ሲነሡ ግን ሁለቱን ጠብታዎች የሚለያያቸው አንድ ሰው በጥቂት እርምጃ የሚሻገረው መሬት ነው።

ይህ ነገር ለመልክዓ ምድር መምህር ደስ የሚያሰኝ ምሳሌ ቢሆንም ለከተማዪቱ ነዋሪ የዕለት ተዕለት ጣጣ ነው። ዝናቡ በሁለቱም ወገን ሸሽቶ ይወርዳልና በሺምላ መካከል የሚያልፍ ወንዝ የለም። ከተማዪቱን ለዓይን ያማረች ያደረጋት ከፍታ ውሃ የተጠማች ያደረጋትም እርሱ ራሱ ነው። ለጎብኚ የሚጻፉ መጻሕፍት የመጀመሪያውን ነገር አብዝተው ሁለተኛውን ያልፉታል። በዚህ ንግግር ግን ሁለቱ አብረው እንዲሄዱ ተደርጓል፤ የሙያ ሰው አንድ ከተማ ሲገባ ሕንፃውን ብቻ ሳይሆን ቧንቧውንም መጠየቁ አይቀርምና። የዘመኑ ቁጥሮች በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ማስታወስ ይገባል።

እንግሊዞች ይህን አገር ያገኙት ከ1814 እስከ 1816 ከጉርካዎች ጋር ካደረጉት ጦርነት በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ ሥፍራው ጥቅጥቅ ያለ ደንና ጥቂት ጎጆዎች ብቻ ነበሩበት። በ1822 ቻርልስ ፕራት ኬኔዲ የተባለው የእንግሊዝ ሹም የመጀመሪያውን ጽኑ ቤት ሠራበት። ከቆላው ሙቀትና ከወባው የሸሹ መኮንኖችም እየተከታተሉት ወጡ። በ1864 የሕንድ እንደራሴ የነበረው ጆን ሎረንስ ሺምላን የመንግሥቱ የበጋ መቀመጫ አደረጋት። መንግሥቱ ከካልከታ ተነሥቶ ከአንድ ሺህ ማይል በላይ ተጉዞ ወደ ተራራው ይወጣ፣ ሙቀቱ ሲበርድም ተመልሶ ይወርድ ነበር። ከኤደን ወደብ እስከ በርማ ጫካ ድረስ ያለ ጉዳይ ሁሉ በዓመት ውስጥ ለብዙ ወራት የሚወሰነው በዚህ ጠባብ ሸንተረር ላይ ነበር ማለት ነው።

የመዝገብ ሣጥኑ፣ የጠረጴዛው፣ የፒያኖውና የወይኑ ጠርሙስ ወደ ላይ የሚወጣው በበሬ ጋሪ፣ በበቅሎና በሰው ጀርባ ነበር። ከተሸካሚዎቹም ብዙዎቹ በአካባቢው ቤጋር በሚባለው የግዴታ ሥራ ከየመንደራቸው የተወሰዱ ገበሬዎች ነበሩ። ይህን ቃል ማስታወስ ያስፈልጋል፤ በኋላ ይመጣልና።

ዛሬ ወደ ሺምላ ለሚሄድ ሰው አውቶቡስም ታክሲም አለ። ጊዜ ያለው ሁሉ ግን በባቡር ቢሄድ አይቆጨውም። ከቆላው ጫፍ ከካልካ ተነሥቶ ሺምላ የሚደርሰው ሐዲድ ርዝመቱ 96 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ለሕዝብ የተከፈተው በኖቬምበር 9 ቀን 1903 ነው። ካልካ 656 ሜትር፣ የሺምላ ጣቢያ 2,076 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው። በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት 762 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ከአሮጌው የጅቡቲና የአዲስ አበባ ምድር ባቡር የአንድ ሜትር ሐዲድ እንኳ ይጠብባል ማለት ነው። በመንገዱ ላይ 919 ጠመዝማዛዎችና 864 ድልድዮች አሉ። ዛሬ የሚሠራባቸው ዋሻዎች 102 ናቸው። መንገዱ አምስት ሰዓት ገደማ ይወስዳል፤ ፈጣን እግረኛ አቋራጭ ቢያገኝ የሚቀድመው የሚመስልበት ሥፍራም አለ።

ለመሐንዲስ ዓይን ከሁሉ የሚበልጡት ድልድዮቹ ናቸው። አብዛኞቹ ከብረት የተሠሩ አይደሉም፤ እንደ ጥንቶቹ ሮማውያን የውሃ መንገዶች ቅስት በቅስት ላይ እየተደረደረ የቆሙ የድንጋይ ግንቦች ናቸው። ካኖህ በተባለው ጣቢያ አጠገብ ያለው በአራት ደርብ 34 ቅስቶች ተሸክሟል። ድንጋዩ ከዚያው ከተራራው የተፈለጠ ስለሆነ ሐዲዱ በተራራው ላይ የተጫነ ሳይሆን ከተራራው የበቀለ ይመስላል።

ከዋሻዎቹ ሁሉ የሚረዝመው ባሮግ የሚባለው ሲሆን 1,143 ሜትር ከ61 ሳንቲ ሜትር ነው። ስለዚህ ዋሻ በአካባቢው የሚተረክ ነገር አለ። ባሮግ የተባለው መሐንዲስ ዋሻውን ከሁለቱም ጫፍ አስጀምሮ ሳለ ስሌቱ ተሳስቶ ሁለቱ ቁፋሮዎች ሳይገናኙ ቀሩ፤ አለቆቹም አንድ ሩፒ ቀጡት፤ እርሱም ውርደቱን መሸከም አቅቶት ራሱን ገደለ ይባላል። ሥራውን የፈጸሙት ሌሎች መሐንዲሶች ባልኩ የተባለ የአገሬው ሰው በመሪነት እንደረዳቸው አብሮ ይነገራል። ትረካው ምን ያህሉ ታሪክ፣ ምን ያህሉ ተረት እንደሆነ መለየት ቢያስቸግርም ሺምላ ግን በባልኩ ስም የባቡር ሙዚየም ከፍታለታለች። ፊደል ላልቆጠረ የተራራ ሰው መታሰቢያ ያቆመ የምድር ባቡር በዓለም ላይ ብዙ ያለ አይመስልም። ዩኔስኮም በ2008 ይህን ሐዲድ ከዳርጂሊንግና ከኒልጊሪ የተራራ ባቡሮች ጋር አንድ አድርጎ በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል።

ከባቡር ጣቢያው ወደ ላይ ሲወጣ ከተማዪቱ እንደ መሰላል ደረጃ በደረጃ ትታያለች። ከታች መኪናው የሚሄድበት ጎዳና አለ። ከዚያ በላይ ታችኛው ገበያ የሚባለው ነው፤ በቅመማ ቅመም፣ በጨርቃ ጨርቅና በብረታ ብረት ሱቆች የታጨቀ፣ ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ለመሄድ የሚቸገሩበት ጠባብ መንገድ። ከሁሉ በላይ ሞል የተባለው ሰፊ ጎዳና ተዘርግቷል። በእንግሊዞች ዘመን በሞል ላይ በሠረገላ መሄድ የሚፈቀደው ለእንደራሴው፣ ለጦር አዛዡና ለፑንጃብ ገዢ ብቻ ነበር፤ የቀረው በእግሩ፣ በፈረስ ወይም ሰው በሚጎትተው ሪክሾ ይሄዳል። ዛሬም ከአስቸኳይ አገልግሎት በቀር መኪና አይገባበትም። የጥንቱ የትዕቢት ደንብ ለዛሬው መንገደኛ እንዲህ ያለ ጸጥታ አውርሶታል። በ1887 የተከፈተው ጌይቲ ቴአትርም በዚሁ ጎዳና አጠገብ ቆሞ እስከ አሁን ተውኔት ይታይበታል።

ሞል ወደ ላይ ሲጠናቀቅ ሪጅ የሚባለው ሜዳ ይገኛል። ይህ የከተማዪቱ ዋና አደባባይ ነው። በምሥራቅ ጫፉ ላይ በ1857 የተባረከው ቢጫው የክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ይታያል፤ ሰማዩ ሲጠራ በስተ ሰሜን በረዶ የለበሱት ተራሮች ይገለጣሉ። በጃንዩዋሪ 25 ቀን 1971 ኢንዲራ ጋንዲ የሂማቻል ፕራዴሽን ክፍለ ግዛት በይፋ ያወጁት በዚህ አደባባይ፣ በረዶ እየወረደ ሳለ ነበር። ሕፃናት በፈረስ ይዞሩበታል፤ ሙሽሮች ፎቶግራፍ ይነሡበታል። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ግን የረገጠው ነገር ምን እንደሆነ የሚያስብ ጥቂት ነው። ሪጅ ጣሪያ ነው። ከሥሩ በ1880ዎቹ በኖራ ጭቃ የተገነባ፣ በክፍሎች የተከፋፈለ፣ 4.5 ሚሊዮን ሊትር ያህል የሚይዝ የውሃ ማጠራቀሚያ ተቀብሯል። ለከተማዪቱ መካከለኛ ክፍል የሚታደለው ውሃ እስካሁን የሚጠራቀመው በዚያ ነው። ምርጫው በምሕንድስና በኩል ትክክለኛ ነበር፤ ውሃ በራሱ ክብደት ወደ ቤቶቹ እንዲወርድ ከተፈለገ ማጠራቀሚያው ከሁሉ በላይ መቀመጥ ይኖርበታል። ችግሩ ውሃውን እስከዚያ ድረስ ማውጣቱ ላይ ነው።

በመጀመሪያው ጊዜ ነገሩ ቀላል ነበር። ከ1875 ጀምሮ ከከተማዪቱ በስተ ምሥራቅ ካለው ከፍተኛ ደን ምንጮች ውሃው ያለ ምንም ሞተር በቧንቧ ይወርድ ነበር። ደኑም ለዚሁ ሲባል ተከልሎ ተጠብቋል፤ ዛሬ የሺምላ የውሃ መሰብሰቢያ የዱር አራዊት ጥብቅ ሥፍራ ይባላል። ዛፎቹ ዲዮዳር የሚባሉት የአርዘ ሊባኖስ ዘመዶች ናቸው። በዛፎቹ ሥር ያለው መንገድ እርጥብና ጸጥ ያለ ነው፤ ወፎች ይሰሙበታል፣ ዕድል የቀናውም ድኩላ ያይበታል። ከሺምላ አካባቢ ለጎብኚ አንድ ሥፍራ ብቻ ምረጡ ቢባል፣ ከቤተ መንግሥቱ ይልቅ ይህን ደን መምረጥ ስሕተት አይሆንም።

ሰው ሲበዛ ግን ምንጮቹ አልበቁም። ስለዚህ እንደ ጉማ ካሉ ጥልቅ ሸለቆዎች በኤሌክትሪክ ኃይል ውሃ እየተገፋ መውጣት ጀመረ። በእንግሊዞች ጊዜ ለ25,000 ሰው ገደማ ታስባለች የምትባለው ከተማ በ2011 ቆጠራ ወደ 170,000 የሚጠጋ ነዋሪ ነበራት፤ በሙቀቱ ወራት ከዴልሂና ከፑንጃብ የሚወጣው እንግዳ በዚህ ላይ ይጨመራል። በ2015 መጨረሻና በ2016 መጀመሪያ ከባድ ነገር ደረሰ። ከአንድ የፍሳሽ ማጣሪያ የወጣ ቆሻሻ አሽዋኒ ከሚባለው ጅረት ገብቶ፣ ከዚያ የሚጠጡ ብዙ ሰዎች በወፍ በሽታ ታመሙ፤ የሞቱም ነበሩ። ጅረቱ ከመጠጥ ውሃ ምንጭነት ተሰረዘ። ከተማዪቱም ከጥቂት ምንጮቿ አንዱን አጣች።

ቀጥሎ የመጣው የ2018 ሜይ ነው። በዚያ ዓመት በጥሩ ሁኔታ በረዶ ሳይጥል ቀርቶ ምንጮቹ ደርቀው ነበር። በቀን 42 ሚሊዮን ሊትር ገደማ የምትፈልገው ከተማ ግማሹን ያህል ብቻ ታገኝ ጀመር። ከአንድ ሳምንት በላይ የቧንቧ ውሃ ያላዩ ሠፈሮች ነበሩ፤ ሴቶችና ወንዶች ባልዲ ይዘው በሌሊት ለቦቴ ተሰለፉ። ከነዋሪዎቹም ጎብኚዎች ለጊዜው እንዳይመጡ የለመኑ ነበሩ። የከተማዪቱ የበጋ በዓልም ለሌላ ጊዜ ተላለፈ። የክፍለ ግዛቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነገሩን ይዞ፣ ለአንድ ሳምንት ያህል አዲስ ግንባታና የመኪና እጥበት እንዲቆም አዘዘ፤ ከአገረ ገዢውና ከዋናው ሚኒስትር በቀር ለማንም ባለ ሥልጣን፣ ለዳኞችም ጭምር፣ ቦቴ ተለይቶ እንዳይሄድ ወሰነ። በእንደራሴዎች ዘመን ሠረገላ ለሦስት ሰዎች ብቻ በተፈቀደበት ከተማ ቦቴ ለሁለት ሰዎች ብቻ ተፈቀደ።

ከዚያ ወዲህ የከተማዪቱን ውሃ የሚመራ ኩባንያ ተቋቁሟል፤ በዓለም ባንክ ብድርም ከሰትሌጅ ወንዝ ውሃ የመሳብ ትልቅ ሥራ ተጀምሯል። ወንዙ ከከተማዪቱ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ነው። ያው ወንዝ ናትፓ ጃክሪ በተባለው ጣቢያ 1,500 ሜጋ ዋት ኤሌክትሪክ ይሰጣል። ስለዚህ ውሃው ወርዶ መብራት ይሆናል፤ መብራቱም ውሃውን መልሶ ወደ ተራራው ያወጣዋል። የዚህን ዑደት ሒሳብ በወረቀት ላይ መሥራት የሚወድ አባል ጥሩ የምሽት ጨዋታ ያገኝበታል።

ከሪጅ ወደ ምዕራብ በእግር የሚሄድ ሰው የእንደራሴው ቤተ መንግሥት ከነበረው ሕንፃ ይደርሳል። ንድፉን ያወጣው ሄንሪ አይርዊን ሲሆን ሥራው ተፈጽሞ ሎርድ ደፈሪን የገቡበት በ1888 ነው። ከውጭ ግራጫ ድንጋይ ነው፤ ከውስጥ በተጠረበ እንጨት የተሸፈነ ከፍተኛ አዳራሽ አለው። ከመጀመሪያው ጀምሮ በኤሌክትሪክ ብርሃን ይበራ ነበር። ብዙ ጎብኚ የማያየው ሌላ ነገርም አለ፤ ከጣሪያው የሚወርደው የዝናብ ውሃ ከሣሩ ሜዳ በታች በተሠሩ ማጠራቀሚያዎች እንዲገባ ተደርጎ ነበር። ያን የሚያህል ሥልጣን ያለው ሰው እንኳ በዚህ ሸንተረር ላይ የጣሪያውን ውሃ ማባከን አልደፈረም። በ1945 የሕንድ መሪዎችና እንደራሴው ዌቭል ስለ አገሪቱ ነጻነት የተነጋገሩትና ሳይስማሙ የተለያዩት በዚህ ቤት ነው። ከነጻነት በኋላ የፕሬዚዳንቱ ማረፊያ ሆኖ ሲቆይ፣ ፈላስፋው ፕሬዚዳንት ራድሃክሪሽናን ቤቱ ለምርምር እንዲውል ፈቀዱ። ከ1965 ጀምሮ የሕንድ ከፍተኛ ጥናት ተቋም መኖሪያው ሆኗል። በ1972 ኢንዲራ ጋንዲና ዙልፊካር አሊ ቡቶ የፈረሙት የሺምላ ስምምነት ግን የተፈረመው እዚህ ሳይሆን ባርንስ ኮርት በተባለው ሌላ ቤት ነው፤ ሁለቱን ማምታታት የተለመደ ስለሆነ እዚህ ላይ መጥቀሱ አይከፋም።

ጃኩ የተባለው ኮረብታ 2,455 ሜትር ያህል ከፍታ ስላለው ከተማዪቱን ከላይ ያሳያል። በጫፉ የሃኑማን መቅደስ ከ33 ሜትር ሐውልት ጋር ይገኛል። ጦጣዎቹ መነጽር ነጥቀው በምግብ ያስለውጣሉ፤ መነጽር ያለው በኪሱ ይያዝ።

ከከተማው ወጣ ብሎ ለሚጎበኝ ሰው ኩፍሪ ቅርብ ነው፤ በጥርና በየካቲት በረዶ አለው፤ በሌላው ጊዜ ግን የፈረስ ግልቢያው ብዛት ሜዳውን ጭቃ አድርጎታል። ቻይል የፓትያላ ማሃራጃ የገነባው ቤተ መንግሥትና በ2,444 ሜትር ላይ ያለ የክሪኬት ሜዳ አለው። ናልዴራ በዲዮዳር ደን የተከበበ የጎልፍ ሜዳ ነው፤ እንደራሴው ኩርዞን ሥፍራውን እጅግ ከመውደዱ የተነሣ ለልጁ ስሙን ሰጥቷታል። ታታፓኒ በሰትሌጅ ዳር የፈላ ውሃ ምንጮቹ የታወቁበት ነበር፤ የኮል ግድብ ሐይቅ ሲሞላ አሮጌዎቹ ምንጮች ተውጠዋል።

ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ አንድ ቀን ሙሉ ሊሰጠው የሚገባው ኮትጋር ነው። በናርካንዳ በኩል ሄዶ ከሺምላ ወደ 80 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ ነው። ሳሙኤል ስቶክስ የተባለ አሜሪካዊ በ1904 ሕንድ ገብቶ፣ በመጀመሪያ የሥጋ ደዌ ሕሙማንን አስታመመ፤ በኋላም በዚህ ተራራ ሠፍሮ የአገሬውን ልጅ አገባ። ከ1916 ጀምሮ ከአሜሪካ ያመጣውን ቀይ የፖም ዝርያ ተከለ፤ ችግኙንም ለጎረቤቶቹ አደለ። ዛሬ የሂማቻል ፖም በመላው ሕንድ የሚሸጥ ሲሆን ብዙ የተራራ ቤተሰብ የሚኖረው በዚሁ ነው። ይህ ሰው ቀደም ሲል በተጠቀሰው በቤጋር፣ በግዴታ ሥራ ላይ ተነሥቶ ገበሬዎቹን አስተባብሮ ታግሏል። በ1921 መጨረሻም በነጻነቱ ትግል ምክንያት ታሰረ። በ1932 የሂንዱ ሃይማኖት ተቀብሎ ሳትያናንድ ተባለ፤ የሞተው በ1946፣ ነጻነቱ አንድ ዓመት ሲቀረው ነው። ፒያኖና መዝገብ እየተሸከሙ ሺምላን የሠሯት ገበሬዎች የልጅ ልጆች ዛሬ በመከር ጊዜ መንገዱን በፖም ሣጥን ይሞሉታል።

በመጨረሻ ስለ መሬቱ ጥቂት መባል አለበት። የሺምላ ቁልቁለት አሁን ከላይ እስከ ታች ስድስትና ሰባት ፎቅ ባላቸው ቤቶች ተሸፍኗል፤ አገሩም የመሬት መንቀጥቀጥ የሚያሰጋው ነው። በኖቬምበር 2017 የሕንድ የአካባቢ ጥበቃ ፍርድ ሸንጎ አዲስ ቤት ከሁለት ፎቅ ተኩል እንዳይበልጥ ወስኖ ነበር። በጃንዩዋሪ 2024 ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ያን ውሳኔ ሽሮ የከተማዪቱን የልማት ፕላን አጸና። በሁለቱ ውሳኔዎች መካከል ተራራው የራሱን ቃል ሰጥቷል። በኦገስት 14 ቀን 2023 ጠዋት፣ ዝናቡ ለቀናት ሳያቋርጥ ከጣለ በኋላ፣ ሳመር ሂል በተባለው ኮረብታ ቁልቁለቱ ተንዶ ሰዎች ለጸሎት የተሰበሰቡበትን የሺቫ መቅደስ ጠራርጎ ወሰደው። 20 ሰዎች ሞቱ፤ የመጨረሻዎቹን አስከሬኖች ከጭቃው ለማውጣት ብዙ ቀናት ፈጀ። ያው ናዳ የባቡሩን ግንብ ከሥሩ ገዝግዞት ሐዲዱ ከነእንጨቱ በአየር ላይ እንደ ገመድ መሰላል ተንጠልጥሎ ቀረ። 120 ዓመት የሞላው መንገድ ተጠግኖ ባቡሩ እንደገና ሺምላ የደረሰው በኦክቶበር ነው።

መሄድ ለሚያስቡ አባላት አንድ ምክር ይጨመራል። ብዙው ሰው የሚወጣው በሜይና በጁን፣ ማለትም ምንጮቹ በሚመነምኑበት ወቅት ነው። ዝናቡ በሴፕቴምበር መጨረሻ ካቆመ በኋላ የሄደ እንግዳ ግን ሰማዩን ጠርቶ፣ በረዷማዎቹን ጫፎች ተገልጠው፣ ፖሙን ለገበያ ወጥቶ ያገኘዋል። ሆቴሎቹም በዚያን ጊዜ ይረክሳሉ። ከሪጅ ሥር ያለው ማጠራቀሚያም ይሞላል፤ ነዋሪውም ባልዲውን ወደ ቤቱ አስገብቶ ማታ ማታ በአደባባዩ ላይ ለመንሸራሸር ይወጣል።